መለኪያው 1.6 ይላል፣ ሜክሲኮ ግን አይሰማንም

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ ሕንፃ ሆነን የጥበቃ ልጆችን በ150 ሜጋኸርዝ ራዲዮ እናገናኛለን። ራዲዮው 25 ዋት ነው፤ ከቢሮ እስከ ቴራስ 30 ሜትር አርጂ 58 ኬብል ተዘርግቷል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሜክሲኮ አደባባይ ካሉት ልጆች ጋር መደማመጥ አልቻልንም። የኤስደብሊውአር መለኪያ (ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ እንደሚመለስ የሚያሳይ፣ 1 ከሆነ ምንም አልተመለሰም) ተውሼ ራዲዮው ሥር ባስገባው 1.6 አነበበ። ራዲዮውን ልቀይረው?

አባል 1፦ ከ2 በታች ከሆነ አንቴናው ጤነኛ ነው። ራዲዮህን አስፈትሽ።

አባል 2፦ ኧረ ተው ወንድሜ፣ ሰውየውን ለከንቱ ወጪ አትዳርገው! 30 ሜትር አርጂ 58 በዚህ ፍሪኩዌንሲ ወደ 6 ዲሲቤል ይበላል፣ ማለትም የኃይሉን ሦስት አራተኛ። ከ25 ዋቱ ቴራስ የሚደርሰው 6 ዋት ገደማ ነው። አንቴናው ያንን ሁሉ ቢመልሰው እንኳ ሲወርድም ያው ይበላል፤ መለኪያው የሚያየው ተመላሽ 1.6 ዋት ያህል ብቻ። ተመላሹን ለሂያጁ አካፍለህ ካሬ ሥሩን ስታወጣ 0.25 ይሆናል፤ 1 ላይ ስትደምረው 1.25፣ ከ1 ስትቀንሰው 0.75፤ 1.25 ሲካፈል ለ0.75 ደግሞ 1.67፣ ኤስደብሊውአሩ ይኸው ነው። ቴራሱ ላይ አንቴና ባይኖርም ታች የምታነበው ይህንኑ ነው!
ጠያቂ፣ ኬብሉን ከአንቴናው ንቀልና ጫፉን ክፍት ተወው፤ ማንም እንዳይነካው። በዝቅተኛ ኃይል ለሁለት ሰከንድ ብቻ ተጫን። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ አንቴና የለህም።

አባል 3፦ ናኖቪኤንኤ (ትንሽ የአንቴና መመርመሪያ) ያለው ሰው ካገኘህ አንቴናው ሥር ወስደህ ለካ። ራዲዮውን ግን እንዳትሰካበት፣ 25 ዋት ያቃጥለዋል። (የኔን እንዲህ ነው የቀበርኩት።)

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግሁ። ተሰክቶ 1.6፣ ተነቅሎ 1.7! መለኪያውን ቴራስ አውጥቼ አንቴናው ሥር ሳደርገው ቀስቱ መጨረሻ ሄዶ ተለጠፈ። የአንቴናውን ኮኔክተር ስፈታው ውኃ ፈሰሰ፤ የመሃሉ ሽቦ ዝጎ ከተበየደበት ሊድ ተላቋል። በናስትሮ ብቻ ነበር የተጠቀለለው።

አባል 2፦ የረጠበውን ኬብል ቆርጠህ ጣል፤ ውኃው በኬብሉ የሽቦ መረብ ውስጥ ይሄዳል። ደረቅ መዳብ እስክታይ ድረስ ቁረጥ። አዲስ ኮኔክተር በካውያ በየድ፣ እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልል፣ ናስትሮውን ከዚያ በላይ አድርግ። ሲመችህ ወፈር ያለውን አርጂ 213 ኬብል ዘርጋ፤ ግማሹ ኃይል ቴራስ ይደርሳል።

ጠያቂ፦ ግማሽ ሜትር ያህል ቆረጥኩ። አሁን አንቴናው ሥር 1.3፣ ታች 1.1። ሜክሲኮ ገብቷል፣ ልደታ ግን አሁንም ይንኮሻኮሻል። የ213 ግዢ ደብዳቤ አለቃ ጠረጴዛ ላይ ነው።