የቤተ መንግሥቱን ምቀኝነት በተወዛዋዧ ላይ መጫን ተገቢ ነውን?

የታሪክ መምህሩ፦
የከተማችን የጎንደር ወጣቶች ለጥምቀት ሰሞን አንድ የውዝዋዜ ተውኔት ለማሳየት አስበዋል። ታሪኩ የተቀመጠው በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን ሲሆን፣ አንዲት ተወዛዋዥ በግብር (በቤተ መንግሥት ግብዣ) ላይ ንጉሡን ደስ በማሰኘቷ ወይዛዝርቱ ይቀኑባታል፣ መኳንንቱም በእርሷ ሰበብ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ተወዛዋዧ የፈጠራ ሰው ናት፤ ተውኔቱ የሚታየው ግን በፋሲል ግቢ፣ በዳዊት የዘፈን ቤት ፊት ለፊት በመሆኑ ተመልካቹ እውነተኛ ታሪክ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ አሁን ባለው መልኩ መቅረቡን እቃወማለሁ። ዳዊት ከ1716 እስከ 1721 እ.ኤ.አ. ሲነግሥ ዘፈን መውደዱ የታወቀ ነው፤ ዘመኑን ያናወጠው ግን የቅባትና የተዋሕዶ የሃይማኖት ክርክር እንጂ የማንም ሴት ትከሻ አልነበረም። ክርክሩ እስከ ደም መፋሰስ መድረሱን እያወቅን ጥፋቱን ለአንዲት አጫዋች ብናሸክም ታላላቆቹን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣት ይሆንብናል።

ተወዛዋዧ፦
መምህር፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። እኔ በዚህ ሙያ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ መድረክ ላይ ቅናት እንዴት እንደሚነሣ ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። ማሲንቆው ሲያዘግም ተወዛዋዧ ነጠላዋን በወገቧ ላይ ታጠብቃለች፤ መጀመሪያ የምታንቀሳቅሰው አንገቷን ብቻ ነው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትከሻዋን አንዴ ሰበር አድርጋ ታቆመዋለች፤ ተመልካቹ ትንፋሹን ይይዛል። እስክስታው የሚፈነዳው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሰው ሁሉ የሚያየው እርሷን ብቻ ነው። ከጌታው አጠገብ ለመቀመጥ ዓመታት የደከመ ባለሟል ዓይን ሁሉ ወደ እርሷ ሲዞር ምን እንደሚሰማው ለመገመት ዜና መዋዕል አያስፈልግም። ተውኔቱ ይህንን ያሳይ፤ አዝማሪና ተወዛዋዥ በታሪካችን ውስጥ ስም አልባ ሆነው ቀርተዋልና አንድ ጊዜ እንኳ መሐል ሜዳ ላይ ይቁሙ።

አስጎብኚው፦
እኔ ከሁለታችሁም የምለየው በቦታው ነው። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ጦርነትም በአየር ድብደባ የተጎዳ ነው። ከበሮና የድምፅ ማጉያ ወደ አሮጌ ግድግዳ አይጠጋ፤ ተውኔቱ ከግቢው ውጭ ይታይ።

መሪጌታው፦
ልጆቼ፣ በጎንደር የቤተ ክርስቲያኑ ወረብም አለ፣ እስክስታም አለ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ጥምቀት የታቦት በዓል በመሆኑ ተውኔቱ ታቦታቱ ከገቡ በኋላ በሌላ ቀን ይሁን። ስለ ይዘቱ መምህሩ ያሉትን እደግፋለሁ፤ ለሹመት ሲባል የተሠራን ክፋት በሴት ማመካኘት የቆየ ልማድ ነው።

የታሪክ መምህሩ፦
እህቴ ስለ መድረኩ የጻፈችውን እቀበላለሁ፣ አባታችን ስለ ቀኑ ያሉትንም እንዲሁ። ተወዛዋዧ ትውጣ አላልሁም፤ ነገሩን ሁሉ የምታመጣው እርሷ አትሁን ነው የምለው። እውነተኛ ቅናትና ሽኩቻ ከተፈለገ ወደ እቴጌ ምንትዋብ ዘመን እንሻገር። ዳግማዊ ኢያሱ በ1755 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሕፃን ልጁ ኢዮአስ ነገሠ፤ በስሙ ማን ያስተዳድር በሚለው ላይ አያቱ ምንትዋብና እናቱ ውቢት ተፎካከሩ፣ የምንትዋብ የቋራ ዘመዶችና የውቢት የኦሮሞ ወገኖችም ለሹመት ተሻሙ። በመጨረሻ ራስ ሚካኤል ስሑል ከትግራይ መጥቶ ኃይሉን ጠቀለለ፤ በ1769 እ.ኤ.አ. ኢዮአስ በእርሱ ትእዛዝ ተገደለ። እንዲህ ያለ ታሪክ እያለን ለምን በሌለ ጠብ እንደክማለን? ተወዛዋዧ በዚያ ግብር ላይ ትቁም፤ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ፣ ማን ጽዋውን ሳይቀምስ እንዳስቀመጠ ትይ። አዝማሪውም በሰምና ወርቅ ይንገራቸው፤ ጌቶች ፊት እውነትን የመናገር ፈቃድ የነበረው እርሱ ነውና።

ተወዛዋዧ፦
በዚህ መንገድ ከሆነ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ተመልካች ብቻ ሆና እንዳትቀር በምንትዋብና በውቢት ፊት የምትጨፍርበት ትዕይንት ይኑር፣ ለማን እንደምትሰግድ የምትመርጠውም እርሷ ራሷ ትሁን። ይህ ከተጻፈ ልምምዱን እኔ እመራለሁ።