ሀሩ ኡራራን የት የት ላስገባት? አሪማ ኪነን ላይ ሁሌ መጨረሻ ናት

ዳማ ፈረስ (እንጅባራ)
ሰላም ናችሁ ወገን፣ ኡማ ሙሱሜ የምትጫወቱ ካላችሁ አንድ በሉኝ ተቃጠልኩ። ለማያውቀው የጃፓን ጌም ነው፣ የእውነት የነበሩ የውድድር ፈረሶች ሴት ልጅ ሆነው ነው የሚሮጡት (አዎ አውቃለሁ፣ ለአጎቴ ሳስረዳው እኔም አፍሬያለሁ)። በሳይለንስ ሱዙካ (ሌላዋ ልጅ ናት) ዩአርኤ ፋይናል፣ ማለት የመጨረሻው ትልቅ ውድድር ድረስ ሄጄ ዋንጫ በልቻለሁ፣ አሁን ግን ሀሩ ኡራራን ይዤ ሦስተኛ ሙከራዬ ነው፣ አሪማ ኪነን የሚባለው ውድድር ላይ ስትደርስ ከ16ቱ 16ኛ። እንደ ሱዙካ ከመጀመሪያው ፊት ፊት እንድትመራ ነው የማደርጋት፣ ፋን (ደጋፊ) ቶሎ እንዲሞላልኝ ደግሞ ክፍት ያገኘሁት ትልልቅ ውድድር ላይ ሁሉ አስገባታለሁ ሳር ይሁን አፈር ሳላይ፣ አንዳንዴ አራቴ በተከታታይ፣ ባለፈው ሙዷ ወርዶ ቆዳዋ ተበላሸ የሚል መጣብኝ። ስፒዷ እኮ ጥሩ ነው! አጎቴ ለጥር 23 ፈረሰኞች በዓል የሚያዘጋጃት ባዝራ አለችው፣ ማታ ስልኬን አየት አድርጎ «ይቺ ልጅ በምን ጉልበቷ ነው ይሄን ዳገት የምትወጣው» ብሎኝ ሄደ። ምን ይሻለኛል?

ጣና ዳር
ወንድሜ ችግሩ ስፒድ አይደለም፣ የችሎታዋን ፊደሎች አላየሃቸውም፣ ኤ ምርጡ ጂ መጨረሻው ነው። ሳር ጂ፣ አፈር ኤ። ርቀቱ ደግሞ ከአጭሩ ስትጀምር ስፕሪንት ኤ፣ ማይል ቢ፣ ሚዲየምና ሎንግ ሁለቱም ጂ። አሪማ ኪነን ደግሞ ናካያማ ላይ 2500 ሜትር በሳር ነው፣ ጌሙ ከ2400 በላይ ያለውን ሁሉ ሎንግ ነው የሚለው። መሬቱ ካልተስማማት ፓወሯ ይቀንሳል፣ ርቀቱ ካልተስማማት ስፒዷ፣ ስለዚህ «ስፒዷ ጥሩ ነው» ያልከው ቁጥር እዛ ሜዳ ላይ ስትደርስ የለም በለው። ፊት መምራቱም ጂ ነው እኮ! ኡራራ ከኋላ ቆይታ መጨረሻ ላይ ነው የምትመጣው፣ ሌት ሰርጀር ላይ አድርጋት።
ደሞ የአሪማው ጎል መሮጥ ብቻ ነው፣ ደረጃ አይጠይቅም፣ አንብበው እስቲ። 16ኛ ብትወጣም ኬሪየሩ ይቀጥላል። ምን አቃጠለህ?

የማርቆሷ
ጣና ዳር ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው አመራረጡን ነው። ዩአርኤ ፋይናል የሚመጣልህ ብዙ ጊዜ በሮጥክበት የርቀት ዓይነት ነው፣ አንተ ለፋን ብለህ ሚዲየም ሚዲየሙን ስትለቃቅም ፋይናሉም ሚዲየም ሆኖ ይመጣና እዛም ትዋረዳለህ። እኔ ኡራራን ሳሠለጥን መጀመሪያ ካላንደሩን ከፍቼ የአፈር ውድድሮቹን ብቻ ነው የማየው፣ ነጊሺ ስቴክስ አለ ቶክዮ 1400 በአፈር፣ ቀጥሎ እዛው ቶክዮ ፌብሩዋሪ ስቴክስ 1600፣ እሱ ጂ1 (ከፍተኛው የውድድር ደረጃ) ነው ፋኑም ጥሩ ነው፣ ዲሴምበር ላይ ደግሞ ካፔላ ስቴክስ 1200። ውድድር ሲያልቅብኝ ትሬኒንግ እሰራለሁ እንጂ ባዶ ቦታ አየሁ ብዬ ሳር ላይ አልጥላትም። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ጁላይና ኦገስት ላይማ ጎል ካልሆነ ምንም አላስገባም፣ የበጋ ካምፕ ነው፣ ትሬኒንጉ ሁሉ ሌቭል 5 ይሆናል (እነሱ በጋ ይሉታል እኛ በጭቃ ስንሰምጥ)። በተከታታይም ከሁለት አይለፍ።

ቡሬ ጌመር
ከሁለት አይለፍ የሚለው ይጋነናል። ማስጠንቀቂያው ሦስተኛው ላይ ይመጣል፣ ግን ሁሌ አይመታህም፣ ለአንድ ጥሩ ጂ1 ከሆነ እኔ እገባለሁ። አራተኛ ግን እብደት ነው አያ ዳማ 😂
አሪማን ማሸነፍ አለብኝ ካልክ መንገዱ ወላጆቿ ናቸው፣ ማለት ቀድመህ ያሠለጠንካቸውና ችሎታ የሚያወርሷት ልጆች። የሳር ወይም የሎንግ ቀይ ስፓርክ (ፊደሏን ከፍ የሚያደርግ ውርስ) ያላቸው ያስፈልጉሃል፣ 1 ኮከብ አንድ ደረጃ ያወጣታል፣ 4 ሁለት፣ 7 ሦስት፣ 10 አራት። ወላጅና አያት ስድስት ናቸው፣ እያንዳንዱ ቢበዛ 3 ኮከብ፣ ሁሉም ቢሞላልህ 18። ግን የእያንዳንዱ ቀይ ስፓርክ አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ሳሩን ከጂ ወደ ሲ የሚያመጣው 10 ኮከብ ቢያንስ አራቱን ይወስድብሃል፣ ከቀሩት ሁለቱ የሚተርፍህ ቢበዛ 6 ነው፣ ሎንጉ ኢ ላይ ይቆማል። ሁለቱንም ሲ ማስጀመር አይቻልም። የቀረውን ኤፕሪል ላይ በሚመጣው ውርስ ትጠብቃለህ፣ እሱ ደግሞ እድል ነው። እኔ ለዚህ ብዬ ሁለት ሳምንት ወላጅ ሳሠለጥን ከርሜያለሁ፣ ሚስቴ ትመስክር።

ዘንገና
አጎትህ ፈረስ ያውቃሉ። ናካያማ እኮ የእውነትም መጨረሻው ቀጥታ 310 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፣ ልክ ሊገቡ ሲሉ ዳገት አለው። ቶክዮ ከ500 በላይ ነው፣ ከኋላ ለሚመጣ ይመቻል ይባላል፣ ጌሙ ላይ ግን ያ ያን ያህል አይሠራም፣ የመጨረሻው ሩጫ የሚነሳው ከርቀቱ ሁለት ሦስተኛው ሲያልፍ ስለሆነ 2500 ላይ ስታሚናዋ ካለቀ ዳገቱም ባይኖር ቆማለች።
እውነተኛዋ ኡራራ ደግሞ ኮቺ የምትባል የገጠር ሜዳ ላይ በአፈር 113 ጊዜ ሮጣ አንድም አላሸነፈችም። 2004 ላይ የጃፓን ስመ ጥሩ ጋላቢ ዩታካ ታኬ ተቀምጦባት ከ11 10ኛ ነው የወጣችው፣ ሕዝቡ ግን እሷን ሊያይ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። ስለዚህ 16ኛ ወጣች ብለህ አትቆጣት።

ጣና ዳር
ዘንገና 👏 እኔማ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ብዬ ልዘጋው ነበር፣ ሜዳው ነው የተሳሳተው ለካ።

ዳማ ፈረስ (እንጅባራ)
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ትናንት መብራት ሲመጣ እንደገና ጀመርኩ፣ ሌት ሰርጀር፣ አፈር ብቻ፣ ሦስት ተከታታይ አንዴ ብቻ (ቡሬ ባንተ ጦስ፣ ደግነቱ ምንም አልሆነችም)። ነጊሺን በላች! ፌብሩዋሪ 2ኛ። አሪማ 15ኛ፣ አጎቴ «እሰይ፣ አንዷን አለፈቻት» ብሎ ሳቀብኝ። ፋይናሉ ስፕሪንት መጣልኝ፣ ማጣሪያውን አልፋ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ኔትወርክ ሄደ፣ ዛሬ ማታ እቀጥላለሁ። ቡሬ የሳር ስፓርክ ያላትን ልዋስህ፣ አይዲህን በውስጥ ላክልኝ።