«ባለሙያዋማ እኔ ነኝ»፦ «ባለሙያ» እና «የኢነርጂ ሽግግር» በጎጃም አማርኛ

የደጀኗ

እንዴት ሰነበታችሁ፣ የቃል ወዳጆች? ሁለት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰክተውብኝ ነው የመጣሁት።

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ የማጠናው ባለሙያዎችን ነው። አንድ አገር ከየትኛው ኃይል ወደ የትኛው ይሂድ ሲባል የመሐንዲሱ፣ የኢኮኖሚስቱ፣ የአማካሪው ቃል ምን ያህል ይመዝናል? የማንን እውቀት እንደ እውቀት ይቆጥራሉ፣ የማንንስ ይዘላሉ? ውጭ አገር ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ነው። እኔ ደግሞ ጥያቄውን ይዤ ደጀን ዙሪያ ምድጃ ለምድጃ እዞራለሁ።

መጠይቁን ወደ አማርኛ የመለስኩት ራሴ ነኝ። አንዱ ጥያቄ «የኢነርጂ ባለሙያዎች ስለ ምድጃዎ ምን ነገሩዎት?» ይላል። የመጀመሪያዋን እናት ስጠይቃቸው እንጀራ እየጋገሩ ነበር። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጭሱ ዓይኔን ያነባኛል። ምጣዱን በማሰሻ አሰስ አሰስ አደረጉት። ሊጡን ከዳር ጀምረው አዙረው አፈሰሱት። አክንባሎውን ከደኑና ቀና ብለው «ባለሙያዋማ እኔ ነኝ፤ ማን መጥቶ ይነግረኛል?» አሉኝ።

ያኔ ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ስህተቱ የኔ ነው። እዚህ አገር «ባለሙያ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ወጧ የሚጣፍጥ፣ ጠላዋ የተመሰገነ ሴት ናት። ታዲያ ያንን የቢሮውን ሰው ምን ልበለው?

ሁለተኛው ቃል «የኢነርጂ ሽግግር» ነው፤ አገር ከአንድ የኃይል ምንጭ ወደ ሌላው መሄዱ ማለት ነው። ይህን ስል ሰዉ ትዝ የሚለው የ1983ቱ የሽግግር መንግሥት ነው። አንድ አባት «ደግሞ ማን ወረደ?» ብለውኛል።

ዘጎንጅ

እኅት ዓለም፣ እናቲቱ ቅኔ ነው የዘረፉብሽ። ሰሙን ትተሽ ወርቁን ያዢ።

ያሉንን ቃላት እንያቸው። «አዋቂ» ብትዪ፣ እኛ ዘንድ «አዋቂ ቤት ሄደ» ማለት ጠንቋይ ዘንድ ሄደ ማለት ነው። «የኢነርጂ አዋቂ ይመጣል» ካልሽ የዶሮውን ቀለም ይጠይቁሻል። «ሊቅ» ብትዪ ደግሞ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ያፈሯቸው መምህራን ናቸው የሚታሰቡት። ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ዓመታት ቆጥሮ የተገኘ ስም ነው። ላፕቶፕ ስለያዘ ብቻ ለማንም አይሰጥም።

«ጠቢብ» የሚለው ቃል ታሪኩ ያሳዝናል። በግእዝ ብልህ፣ ጥበበኛ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ሲወርድ «ጠይብ» ሆነ። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ማለት ነው፣ ያውም በስድብነት። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። እስኪ አስቢው። ያ እንጀራ የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችው ሴት በቃሉ ሥር «ጠቢብ» ናት። ስለ ምጣድ ጥናት ሲደረግ ግን ማን ይጠይቃታል?

«ሙያ» ራሱ ድሮ የጀግናም ሥራ ነበር። «ሙያ በልብ ነው» የሚባለው ሠርተህ አሳይ፣ አታውራ ለማለት ነው። «ሙያ ከጎረቤት» የሚባለውም አለ። በሁለቱም ባለሙያ የሚባለው አድርጎ የታየ ሰው ነው። የቢሮ አማርኛ መጣና «ባለሙያ» የሥራ መደብ ሆነ። ጀማሪ ባለሙያ፣ ከፍተኛ ባለሙያ ይባላል። አሁን ሰውዬው ሳይሠራም ደብዳቤ ከደረሰው ባለሙያ ነው።

ኮረንቲ

የኔታ፣ እኛንም አትዘንጉን እንጂ! እኔ ባሕር ዳር የምሠራ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ደብዳቤም አለኝ፣ ሠርቼም አሳይቻለሁ። ወጥ ላይ ግን አልወዳደርም።

ከ«ባለሙያ» ይልቅ እኔን የሚያስቸግረኝ «ኃይል» ነው። ጦሩም ኃይል፣ የሥላሴም ኃይል፣ የመኪናውም ኃይል፣ የግድቡም ኃይል። ፊዚክስ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንዱ ቃል እንጠራቸዋለን። ስለዚህ በየሪፖርቱ «ኢነርጂ» ብለን እንገላገላለን። ገጠር ስሄድ ግን «ኢነርጂ» የሚል አላገኘሁም። «መብራት» ነው የሚሉት፤ ትልልቆቹ ደግሞ በጣልያኑ «ኮረንቲ» ይላሉ። የብዕር ስሜም ከዚያ ነው። የሚነደውን ሁሉ ደግሞ «ማገዶ» ይሉታል። መብራትና ማገዶን በአንድ ስም ጠቅልሎ የሚጠራ የባላገር ቃል የለም። ያ ጥቅል ነገር የተፈጠረው በኛ ወረቀት ላይ ነው።

ስለ «ሽግግር» ግን ልጠይቅ። እኛ ቢሮ «ተሸጋገረ» ማለት ለሌላ ቀን ተላለፈ ማለት ነው። «ስብሰባው ወደ ሰኞ ተሸጋገረ» እንላለን። ታዲያ የኢነርጂ ሽግግር ማለት ኢነርጂው ለሌላ ቀን ተላለፈ ማለት ነው?

ዘጎንጅ

ይህስ ከነጎድጓድ አይተናነስም፣ ወንድም ኮረንቲ።

ቁም ነገሩን ልያዝ። በግእዝ «ዐደወ» ማለት ተሻገረ ነው። «ማዶ» የምንለው ከዚያ ነው የመጣው። የፋሲካ ማግስት ሰኞ «ማዕዶት» ይባላል፣ መሻገር ማለት ነው። እስራኤል ባሕሩን የተሻገሩት ይታሰብበታል። ልብ በሉ፣ እዚያ ታሪክ ውስጥ አሻጋሪ አለ፣ ተሻጋሪ አለ፣ ከኋላ የሚከተል ፈርዖንም አለ። ማዶው የት እንደሆነም ይታወቃል።

ለጎጃም ሰው መሻገር ማለት ዓባይ ነው። ድልድዩ ሳይሠራ ወንዙን በዋና የሚያሻግሩ ሰዎች ነበሩ። ውኃው የት እንደሚሳሳ፣ የት አዞ እንዳለ የሚያውቁ። መንገደኛው ነፍሱን ለነሱ ይሰጣል። አሻጋሪውም ግን አብሮ ይረጥባል።

አሁን ሰዋስዉን እይ። ተሻገረ፣ አሻገረ፣ ተሸጋገረ፣ አሸጋገረ። «ሽግግር» የወጣው ከ«ተሸጋገረ» ነው። «የኢነርጂ ሽግግር» ስትል የሚሸጋገረው ኢነርጂው ነው፤ ሰው የለበትም። ማን አሻገረ? ማን ተሻገረ? ማን ወዲህ ማዶ ቀረ? ቃሉ ሦስቱንም ውጦ ጸጥ ይላል። ለሪፖርት ጸሐፊ እንዴት ያለ ምቹ ቃል ነው!

የደጀኗ

የኔታ፣ ይህችን ለመመረቂያዬ ልሰርቃት ነው፣ ይፍቱኝ።

የሚገርመው፣ የእንግሊዝኛውም ቃል «ትራንዚሽን» ከላቲን «ማዶ መሄድ» ከሚለው የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ለአሜሪካ ሕዝብ ሲናገሩ ይህንኑ ቃል ተጠቀሙ። መጀመሪያ ከእንጨት ወደ ድንጋይ ከሰል፣ ቀጥሎ ወደ ነዳጅና ጋዝ ተሻግረናል፣ አሁን ሦስተኛው መጣ አሉ። ጀርመኖች ግን ሌላ ቃል መረጡ። «ኢነርጊቬንደ» ይላሉ። «ቬንደ» መዞር፣ መታጠፍ ነው። ቃሉን በ1980 ያስተዋወቀው የፍራይቡርጉ ኦኮ ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙን የመሠረቱት የኑክሌር ጣቢያ ይቅር ብለው የተነሡ ሰዎች ነበሩ። እነሱም ባለሙያዎች ናቸው፣ ግን የመንግሥትን ባለሙያ በስሌት ሊሞግቱ የተሰባሰቡ። ኋላ መንግሥት ራሱ ቃሉን ወረሰው።

መሻገርና መታጠፍ አንድ አይደሉም። የተሻገረ ሰው የተወው ነገር ወዲያ ማዶ ይቀራል። እውነቱ ግን ዓለም ዛሬም ድንጋይ ከሰል የሚያነደው ካርተር ከተናገሩበት ዘመን በላይ ነው። አልተሻገርንም፣ ደረብን።

ደጀን ያየሁትም ይኸው ነው። አንድ ወጥ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፣ ጎኑ ጉልቻ አለ፣ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ፣ በር ላይ ኩበት ተከምሯል። ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ «የኢነርጂ መሰላል» የሚል ሥዕል ነበራቸው። ቤተሰብ ገቢው ሲያድግ ከኩበት ወደ እንጨት፣ ከእንጨት ወደ ከሰል፣ ከዚያ ወደ ጋዝና ኤሌክትሪክ እየረገጠ ይወጣል ይላል። በ2000 እ.ኤ.አ. እነ ማሴራ የሚባሉ ተመራማሪዎች በሜክሲኮ ገጠር አይተው ሰዉ መሰላል አይወጣም፣ ይደራርባል አሉ። አዲሱን ይጨምራል፣ አሮጌውን አይጥልም። መብራት ሲሄድ ምን ሊሆን ነው?

ዘጎንጅ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለን ስንተርት ለካስ ስለ ኢነርጂ ፖሊሲ ነበር!

ደግሞ የማገዶ ቆጣቢዎቹን ምድጃዎች ስም አይታችኋል? «ምርጥ»፣ «ላቀች»። ከማን እንደላቀች አይነገርም። ስሙ ውስጥ ፍርዱ አልቋል። ገዢዋ አይታ ልታመሰግን ሲገባ፣ ምድጃው ተመስግኖ መጣ።

ኮረንቲ

እሱ እንኳ እውነታቸውን ነው የኔታ። «ምርጥ» ከጉልቻ፣ «ላቀች» ከድሮው የከሰል ምድጃ ጋር ሲነጻጸሩ ማገዶ በጣም ይቆጥባሉ፣ ተለክቷል። በስማቸው አትቀየሙ።

የኛን ሰዎች ጥፋት ካነሣን ግን የሚበልጥ አለኝ። ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። ትንበያው መንግሥታት የሚመሩበት ነው። የፀሐይ ኃይልን ነገር ግን ዓመት ከዓመት ዝቅ አድርጎ ሲተነብይ ኖረ። መስመሩ ከዚህ በኋላ ይረጋጋል ይላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ ይነካል። እንደገና ይረጋጋል ይላል፣ እንደገና ያመልጠዋል። የአዋቂ አጥፊ ማለት ይኼ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ወረቀት ላይ አይቀርም። ፀሐይ ትንሽ ናት ተብሎ ከተጻፈ የሚበጀትላትም ትንሽ ነው። ትንበያ የሚመስለው ነገር ግማሹ ትእዛዝ ነው።

የእንጅባራው

ዘግይቼ ገባሁ። «ባህላዊ» ስለሚለው ቃል ማንም አላነሣ?

በሪፖርት ሁሉ እንጨትና ከሰል «ባህላዊ»፣ ሌላው «ዘመናዊ» ነው። እኛ አገር ፋግታ ለኮማ ኑና እዩ። ገበሬው በእርሻው ላይ ዲከረንስ ይተክላል። የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል። አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ይቆርጥና ያከስላል፣ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሳል፣ መልሶ ይተክላል። ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ዛፉ ከውጭ የመጣ፣ ገበያው የከተማ፣ ስሌቱ የገበሬው። የቱ ላይ ነው «ባህል» የሆነው? አያቴ ዲከረንስ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።

«ታዳሽ» የሚለው ቃልማ ባሰ። ኩበትም ታዳሽ ነው እኮ፣ በየቀኑ ይታደሳል። ግን «ታዳሽ ኃይል» በሚለው ፖስተር ላይ ኩበት አይቼ አላውቅም።

ኮረንቲ

ፖስተሩን የሠራሁት እኔ ባልሆን ደስ ይለኝ ነበር። 😅 የሚቀጥለው ላይ ኩበት እናደርጋለን።

የደጀኗ

የእንጅባራው፣ ዲከረንስህን ሳነብ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ፤ ይህን መስክ እንድወድ ያደረገኝ እሱ ነው።

በ1986 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት የቼርኖቢል ኑክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ ጨረሩ ከዝናብ ጋር ሰሜን እንግሊዝ፣ ኩምብሪያ የሚባል ተራራማ አገር ላይ ወረደ። የበግ ሽያጭ ታገደ። ባለሙያዎች ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው አሉ። የመጨረሻው እገዳ የተነሣው በ2012 ነው። ምን ሆነ? ስሌታቸው የሸክላ አፈር ላይ የተሠራ ነበር። የተራራው አፈር ግን ኮምጣጣ ነው፤ ጨረር የሚረጨውን ንጥረ ነገር፣ ሲዚየሙን፣ አፍኖ አይዝም፣ ለሣሩ መልሶ ይሰጠዋል። ብራያን ዊን የሚባል የማኅበረሰብ ተመራማሪ እረኞቹን ሄዶ አነጋገረ። ባለሙያዎቹ በጎቹን አጥር ውስጥ ዘግተው ሊሞክሩ ሲሉ እረኞቹ «ሜዳ የለመደ በግ ታጥሮ ይከሳል» ብለው ነበር። አልተሰሙም። በጎቹ ከሱ፣ ሙከራው ተቋረጠ። እረኛው ስለ ጨረር አያውቅም፣ ስለ በግና ስለ ተራራው ግን ከነሱ በላይ ያውቃል። ያንን እውቀት የሚመዘግብ ቅጽ ግን አልነበረም።

የኔም መጠይቅ እንደዚያ ቅጽ ነበር። «ምን ነገሩዎት?» ብሎ ይጀምራል። ሰሚዋ አስቀድማ ተወስናለች።

ዘጎንጅ

ታዲያ ምን አድርገሽ አስተካከልሽው?

የደጀኗ

«ባለሙያ»ን አወጣሁት። «ስለ ምድጃ ሊመክርዎት ከቢሮ የመጣ ሰው አለ? እርስዎስ ምን ነገሩት?» አልኩ። «ሽግግር»ንም ተውኩት። «ዘንድሮ በምን ጋገሩ? አምናስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ትናንት እኒያን እናት ዘንድ ተመለስኩ። ገና በሩ ላይ ስደርስ «ዛሬስ ልታጠኚ ነው ወይስ ልትታጠኚ?» አሉኝ። ጭሱን ተመልክተው ነው።

አዲሱ ጥያቄ አፋቸውን ከፈተው። ከቢሮ መጥተው ምድጃ ሰጥተዋቸዋል። ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭሱም ይቀንሳል አሉ፤ አልካዱም። ግን አፉ ጠባብ ነው። ወፍራም እንጨት አይገባም፣ መፍለጥ ያስፈልጋል። ባላቸው ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ምሳር የሚያነሣ ሰው ቤት ውስጥ የለም። በጉልቻው ግን ግንዱን እንዳለ ሰክተው፣ እየነደደ ሲሄድ ገፋ ገፋ ያደርጉታል። «ማን ይፈልጥልሻል ብሎ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ።

በሰነዱ ላይ ያ ክፍል «የማገዶ ማስገቢያ» ይባላል። እሳቸው «የምድጃ አፍ» ነው ያሉት። እናንተ ጋስ?

የእንጅባራው

እኛም ጋ አፍ ነው።

ዘጎንጅ

አፍ ነው። «ማስገቢያ» ያለው ሰው እንጨት ፈልጦም አያውቅ።