እንዶድና የባሕር ኪያር፦ አረፋቸው አንድ ነውን?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
አያቴ የበዓል ነጠላቸውን ጨሞጋ ወንዝ ወርደው በተወቀጠ እንዶድ ሲያጥቡ እያየሁ ነው ያደግሁት። ሰሞኑን ደግሞ የባሕር ኪያር የሚባለው አከርካሪ የሌለው እንስሳ እንደ እንዶድ ያለ አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር እንዳለው አነበብሁ። አንዱ ነጣ ያለ አበባውን በዘለላ የሚያወጣ የአጥር ዳር ቁጥቋጦ፣ ሌላው በባሕር ወለል የሚሳብ ፍጡር ሆኖ ሳለ ይህ ዝምድና ከየት መጣ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ዝምድና የላቸውም፤ በየፊናቸው የደረሱበት ሳፖኒን የተባለ የንጥረ ነገር ወገን ነው። ሳፖኒን በአንድ ጫፉ ውሃን፣ በሌላው ቅባትን ስለሚይዝ እድፍን ከጨርቅ ያላቅቃል፤ በዚያው ጠባዩ ግን የሕያው ሕዋስን ሽፋን፣ በውስጡ ካለው ኮሌስትሮል ጋር እየተጣበቀ ይበሳሳዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ምርምር የጀመሩት ከዚህ ነው። የቢልሃርዚያን ጥገኛ ትል የሚያሳድጉት የውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ እኛ የጣና ዳር ሰዎች የነገሩን ክብደት እናውቀዋለን።

የባሕር ኪያር የኮከብ ዓሣ ዘመድ ነው፤ ከእንስሳት መካከል ሳፖኒን የሚሠሩት ጥቂቶች ሲሆኑ ሁለቱም ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። አንዳንዱ ዝርያ ሲተነኮስ ከኋላው የሚያጣብቅ ነጭ ክር ይለቃል፤ ክሩም በሳፖኒን የተሞላ ነው። ራሱን የማይመርዘው በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ያሉት ስቴሮሎች፣ ማለትም የኮሌስትሮል ወገን የሆኑት ቅባቶች፣ ከተራው ኮሌስትሮል ስለሚለዩ ነው። በፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ቀጥቅጠው ማዕበል ትቶት በሚሄደው ኩሬ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ያደነዝዙበት ነበር።

መልስ፣ ከዳንግላ፦
ይህ የእኛን ብርብራ አስታወሰኝ። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ እሱም ሳፖኒን ይሆን?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ብርብራ ዓሣውን የሚጥለው በሮቴኖን ነው። ሮቴኖን ሽፋን አይበሳም፤ ሕዋስ በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጭበትን መንገድ ይዘጋል እንጂ። ስለዚህ ከእንዶድ ጋር የሚቀራረበው አገር ቤት ያለው ብርብራ ሳይሆን ባሕር ማዶ ያለው እንስሳ ነው፤ እኔንም መጀመሪያ ስሰማው ገርሞኛል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አያቴ ፍሬው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ እንድንለቅመው አጥብቀው ያዙን ነበር።

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ልክ ነበሩ፤ ቀንድ አውጣ በመግደልም ቢሆን የሚበረታው ያልበሰለው ፍሬ ነው።