አይጧ መዋኘት ስታቆም ተስፋ ቆረጠች ማለት ነው?

ጠያቂው፦ ከዕፅዋት የወጣ ውህድ ለድብርት ይበጅ እንደሆነ ለማወቅ አይጥን ውሃ ውስጥ ከትቶ ማስጨነቅ ተገቢ ነው? እኔ ይቁም ባይ ነኝ። እናንተስ?

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ፦ በእጄ የሠራሁት ነው። አይጧን ውሃ ያለበት ረጅም ብርጭቆ ውስጥ እንከታታለን፣ መውጫ የለውም። ለ6 ደቂቃ። መጀመሪያ ግድግዳውን ትቧጥጣለች። ቆይታ አፍንጫዋን ብቻ ብቅ አድርጋ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ዝም ያለችበትን ሰከንድ እንቆጥራለን። ውህዱን የወሰደችው ካልወሰደችው ባነሰ ጊዜ ዝም ካለች ተስፋ አለው እንላለን። ከዚያ አውጥተን በፎጣ እናደርቃታለን። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ አለ። እንደ ኢሚፕራሚን ያሉ የታወቁ ፀረ ድብርት መድኃኒቶችንም ይለያል። ይህ ከቀረ በምን እናጣራ?

ጠያቂው፦ ዝምታዋ ተስፋ መቁረጥ መሆኑን በምን አወቃችሁ? መውጫ እንደሌለ ከገባት ጉልበቷን መቆጠቧ ብልህነት ነው። ደግሞ መድኃኒቱ ሰው ላይ ለውጥ ለማምጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። አይጧ ላይ ግን በአንድ ቀን ይታያል። ታዲያ የምትለኩት ድብርትን ነው?

የፋርማኮሎጂ ተማሪው፦ ካፌይንም አይጧን ያነቃቃታል፣ ፀረ ድብርት ግን አይደለም። ለዚህ ነው ክፍት ሳጥን ውስጥ ተራ እንቅስቃሴዋን መለካት ግድ የሚሆነው። ያ የሌለበትን ጥናት እኔ አላምነውም። ለሳምንታት ቀላል ውጥረት አሳድሮ ጣፋጭ ውሃን ከተራው ታስበልጥ እንደሆነ ማየትም ይቻላል። ካላስበለጠች ደስታ አጥታለች ማለት ነው፤ ደስታ ማጣት ደግሞ ለድብርት የሚቀርብ ይመስለኛል።

መድኃኒት የምወስድ ሰው፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «አይጥ ላይ ሠርቷል» የሚል ነገር አንብቤ መድኃኒቴን ላቆም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሐኪሜ ባይቆጣኝ ኖሮ አቁሜው ነበር። እባካችሁ ስትጽፉ እኛንም አስቡን።

ተማሪው፦ ልክ ነህ። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ተክል ቀላልና መካከለኛ ድብርት ባለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤት አሳይቷል። ግን የወሊድ መከላከያ ክኒንንና ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንን ያዳክማል። ከፀረ ድብርት መድኃኒት ጋር ሲወሰድም አደገኛ ሊሆን ይችላል። ይህን የአይጥ ዋና አይነግርህም።

ሠራተኛዋ፦ እሺ፣ በዚህ እስማማለሁ። በ6 ደቂቃ ዋና ብቻ «ፀረ ድብርት» የሚል ርዕስ መስጠት ይቅር። ሙከራው ጨርሶ ይታገድ በሚለው ግን አልስማማም።

ጠያቂው፦ የአውስትራሊያዋ ግዛት ኒው ሳውዝ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሙከራውን በሕግ ከልክላዋለች። እዚያ የድብርት ምርምሩ አልቆመም። እናንተ ጋ ለምን ይቆማል?