ልጄን ካጣሁ በኋላ የባለቤቴ ቤተሰብ ጋ መሄድ ከብዶኛል፣ እምነቴ ደክሞ ይሆን?

የአንዲት ልጅ እናት፦

ሰላም ለናንተ ይሁን እህቶቼ ወንድሞቼ። ረጅም ነው ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ወጣት እናት ነኝ፣ የ3 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ሁለተኛውን ደሞ ስምንተኛ ወር ላይ እያለሁ አልትራሳውንድ ሲታይ ልቡ መምታት አቁሞ ተገኘና ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ስም አውጥተንለት፣ ልብሱን ሁሉ አጥቤ አጣጥፌ ጨርሼ ነበር። ሀኪሞቹ ይሄ ነው የሚባል ምክንያት አላገኘንም ነው ያሉን።

አሁን የባለቤቴ ቤተሰብ በሙሉ አማቴ ቤት ሊሰበሰብ ነው፣ እኛም ከነልጃችን ሄደን ጥቂት ቀን እንድናድር ይጠብቁናል። የባለቤቴ ወንድም ሚስት በቅርብ ወልዳለች፣ እሷም ወንድ። ያረገዝነው አንድ ሰሞን ነበር፣ የማን ሆድ ይበልጣል እያልን ጎን ለጎን ቆመን ፎቶ ሁሉ ተነስተናል። ልጁን እስካሁን አላየሁትም፣ በቪዲዮ ኮል ሊያሳዩኝ ሲሉ ስልኩን ለባሌ ሰጥቼ ከክፍሉ እወጣለሁ። እወዳታለሁ እኮ፣ ክፉ አልመኝላትም፣ እግዚአብሔር ያሳድግላት ብዬ ከልቤ ነው የምጸልየው፣ ግን እንኪ ታቀፊው ቢሉኝ እጄ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም። ይሄ ቅናት ነው?

ሌላው ንግግሩ ነው። አማቴ ደግ ሰው ናቸው፣ ከሆስፒታል ስወጣ ያጠቡኝ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው፣ ግን ሳለቅስ ባዩኝ ቁጥር ዳዊትን ይጠቅሱልኛል፤ ልጁ እስኪሞት ጾመ አለቀሰ፣ ከሞተ በኋላ ግን ተነስቶ ታጠበ ሰገደ በላ፣ አንቺም ተነሺ ይሉኛል። ሌሎቹ ደሞ ገና ወጣት ነሽ ትወልጃለሽ፣ ከሚመጣ መከራ ሰውሮት ነው፣ አንዷን ስለሰጠሽ አመስግኚ... አመሰግናለሁ እኮ! ቤተክርስቲያን አልቀረሁም፣ መጸለይም አላቆምኩም፣ ጸሎቴ ግን ቃል የለውም፣ ተንበርክኬ ማልቀስ ብቻ ነው። እና ሳስበው ሳስበው ሁሉም ትክክል ሆነው እኔ ብቻ እምነት አጥቼ ይሆን እንዴ እላለሁ። ባሌም አንድ ቀን እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም፣ የልጁን ስም አንስቶም አያውቅም።

ልሂድ ወይስ ልቅር? ከሄድኩስ ሳላስቀይማቸው ምን ልበላቸው? ትንሿ ልጄ ደሞ ወንድሜስ እያለች ትጠይቃለች፣ አያቷ ተኝቷል አሏት፣ ከዛ ወዲህ ማታ ማታ አልተኛም ብላ ታለቅሳለች።

የአራት ልጆች እናት፦

እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። በእድሜ እናትሽ ስለምሆን እንደ እናት ልንገርሽ። አማትሽ የጠቀሱት እውነት ነው፣ 2ኛ ሳሙኤል 12 ላይ አለ፣ ግን እዛው ትንሽ ዝቅ ብለሽ አንብቢው፣ ዳዊት ሚስቱን ቤርሳቤህን አጽናና ይላል። የልጁ እናት ታጥባ ተነሳች አይልም። መጽናናት ያስፈለጋት ሴት ናት፣ ያጽናናትም ባሏ ነው። ይሄው ዳዊት ደሞ ምዕራፍ 18 ላይ አቤሴሎም ሲሞትበት ልጄ ልጄ እያለ እየጮኸ ነው ወደ ሰገነቱ የወጣው፣ ምነው በአንተ ፋንታ እኔ በሞትኩ እያለ። አንዱ ልጅ ሲሞት ተነስቶ ምግብ በላ፣ ሌላው ሲሞት ደሞ የሚይዘው አጣ፣ ሰውየው አንድ ነው። ስለዚህ ለሀዘን አንድ ዳዊት ብቻ ቆንጥሮ መስጠት ልክ አይደለም።

ስለ ጉዞው የሐናን ነገር አስቢው። በየዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሴሎ ትወጣ ነበር፣ እዛው ማዕድ ላይ ልጆች የወለደችው ጣውንቷ አለች፣ እሷ ታለቅሳለች ምግብ አትቀምስም። የሚወዳት ባሏ እንኳ እኔ ከአሥር ልጆች አልሻልልሽምን ነው ያላት፣ በፍቅር ነው ግን አልገባውም። ሐና መሄዷን አልተወችም፣ ከማዕዱ ግን ተነስታ የምታለቅስበት ቦታ ሄደች። ጸሎት ቃል የለውም ላልሽው ደሞ የሷም ድምጿ አይሰማም ነበር፣ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ ካህኑ ሰክራለች ብሎ ገሰጻት እንጂ እግዚአብሔር ሰምቷታል። እኔ ሂጂ እላለሁ ልጄ፣ ግን ቀኑን አሳጥሪው፣ ተነስተሽ የምትገቢበት የራስሽ ክፍል ይኑርሽ፣ ከሌለ ማደሪያችሁ ሌላ ቦታ ይሁን። ጨርሶ ስትቀሪ ቀጣዩ ጊዜ ይብስ ይከብዳል ብዬ ነው።

እህትሽ ነኝ፦

እኔ ከእማማ ጋር ትንሽ እለያለሁ ይቅርታ ያርጉልኝ። መሄድ ግዴታ አይደለም። እኔም በአምስተኛ ወሬ አጥቼ ነበር፣ ሰው እንዳይቀየም ብዬ ሄጄ ለሰው ፈገግ ስል ውዬ ማታ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አለቀስኩ፣ ለማንም አልጠቀመም። ፍቅር በዚህ አይለካም። ለሷ ለወለደችው በግል ሜሴጅ ጻፊላት፣ እወድሻለሁ ልጅሽንም እወደዋለሁ ግን ጊዜ ስጪኝ በያት። እመኚኝ እሷም ጨንቋት ይሆናል፣ እንዴት አድርጌ ልጄን ፊቷ ላቅፈው እያለች።

ቅናት ላልሽው ደሞ አይደለም የኔ እህት። ቅናት የሷ ባይኖር ማለት ነው። አንቺ የራስሽ በኖረ ነው ያልሽው።

ማርታና ማርያም ወንድማቸው ሞቶ ኢየሱስ አራት ቀን አልፎ ሲመጣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ነው ያሉት፣ በዚህ ኖረህ ቢሆን ወንድሜ ባልሞተ ነበር። ለማርታ ስለ ትንሣኤ ነገራት፣ ለማርያም ግን ምንም ሳያስተምራት አብሯት አለቀሰ። ከደቂቃዎች በኋላ አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ እኮ ነው! ታዲያ ትንሣኤን እናምናለን ብለን ማልቀስ የለብንም የሚለው ከየት መጣ? አንዳንዱ ሰው የማርታ መልስ ያስፈልገዋል አንዳንዱ የማርያም፣ ቤተሰቦችሽ ሁሌ የማርታን ነው የሚሰጡሽ።

አዋላጅ ነርስ፦

በሙያዬ ብዙ እናቶችን በዚህ ሰዓት አይቻለሁና ከመንፈሳዊው ጎን ለጎን ጥቂት ልበል። ከ28 ሳምንት በኋላ ሕይወት ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ሁሉም ምርመራ ተደርጎ እንኳ ምክንያቱ አይገኝም። ከባድ ነገር አንስታ ነው፣ ተናዳ ነው፣ ጸሎት አጉድላ ነው የሚልሽ ካለ አትስሚው።

ሰውነትሽም ወልዷል እህቴ፣ ይሄንን ቤተሰብ ይረሳል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞን ስለሚቀየር ሕፃኑ ባይኖርም በጥቂት ቀን ውስጥ ጡት ወተት ይሞላል፣ ከዛም በኋላ የሌላ ሕፃን ለቅሶ ስትሰሚ ሊፈስ ይችላል። እዛ ሄደሽ ይሄ ቢደርስብሽ አትደንግጪ፣ ቅያሪ ልብስ ያዢ። ጡትሽ ቀልቶ ትኩሳት ካለሽ ግን ሀኪም ጋ ሂጂ። ሀዘኑ ጊዜ አለው፣ ሆኖም ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምንም ነገር ካላስደሰተሽ፣ በተለይ መኖር የማያስፈልግ ከመሰለሽ እሱ የእምነት ጉድለት ሳይሆን ህክምና ያለው ነገር ነው፣ ቶሎ ተናገሪ።

ስለ ልጅሽ፦ በዛ እድሜ ያሉ ልጆች ሞት የማይመለስ መሆኑ አይገባቸውም፣ የሰሙትን ቃል እንዳለ ነው የሚወስዱት። ተኝቷል ስትባል እኔም ከተኛሁ እንደሱ እሆናለሁ ብላ ነው የምትፈራው። ወንድምሽ ሞቷል፣ ሰውነቱ መሥራት አቆመ፣ አይተነፍስም አያመውም፣ እግዚአብሔር ጋ ነው፣ አንቺ ስትተኚ ግን ጠዋት ትነሻለሽ በያት፣ ደጋግማ ትጠይቅሻለች ደጋግመሽ መልሺላት። አያቷም ያንኑ ቃል ይጠቀሙ።

አባት፦

ስለ ባልሽ አንድ ነገር ልበል፣ የደረሰበት ስለሆንኩ። ሚስቴም እኔን እንዳንቺው ነበር የምታስበው። እኔ መኪና ውስጥ ነበር የማለቅሰው፣ ቤት ስገባ ፊቴን ታጥቤ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ አይዞህ በርታ ሚስትህን ደግፍ ነው የሚለኝ፣ አንድም ሰው አንተስ ብሎ አልጠየቀኝም። ስሙን የማያነሳው ረስቶት ላይሆን ይችላል፣ አንቺን እንዳያቆስል ፈርቶ ይሆናል። አንቺ ቀድመሽ ስሙን ጥሪለት።

እጥፍ ይሰጥሃል የሚሉኝም ነበሩ፣ ኢዮብን እየጠቀሱ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ኢዮብ 7ሺ በግ ነበረው 14ሺ ሆነለት፣ 3ሺ ግመል 6ሺ ሆነለት። ልጆቹ ግን መጀመሪያም ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ነበሩ፣ በኋላም ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ነው የተሰጡት፣ እጥፍ አልሆኑም። ለኔ የገባኝ የፊተኞቹ አሥሩ እግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ አልተቀነሱም ነው፣ ሌላ ሰው ሌላ ሊረዳው ይችላል። ስንት ልጅ አለህ ሲሉኝ ያንን ጨምሬ ነው የምቆጥረው።

እና ቤተሰቦቹን የምታናግሪው አንቺ መሆን የለብሽም። የሱ እናት ናቸው፣ የሱ ወንድም ነው፣ እሱ ይደውል።

የአንዲት ልጅ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እያነበብኩ አለቀስኩ ግን የዛሬው ቀለል ይላል። የአባትን መልስ ለባሌ ሰጠሁት፣ አንብቦ ብዙ ዝም አለና የልጃችንን ስም ጠራ። ከዛ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም፣ ያለቀስነው ሁለታችንም ነበርን።

ተነጋግረን ልንሄድ ወስነናል፣ ግን አንድ ሌሊት ብቻ። ደውሎ ነገራቸው። እንዲህ ነው ያለው፣ «እማዬ፣ እንመጣለን፣ ስታለቅስ ካየሽ ዝም ብለሽ አጠገቧ ቁጭ በይላት፣ ጥቅስ አትንገሪያት፣ ስሙን ጥሪው፣ ልጁን ታቀፊ ብሎ የሚጠይቃት እንዳይኖር፣ ስትፈልግ ራሷ ትጠይቃለች። ለትንሿም ተኝቷል አትበያት።» አማቴ ስልኩ ላይ ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸውም ድሮ ሕፃን ሞቶባቸዋል ለካ፣ ባሌ እንኳ አያውቅም ነበር፣ ያኔ ለሳቸው የተነገራቸው ያው የዳዊቱ ነገር ነው። እና አሁን ምን ልበላቸው? እሄዳለሁ ግን እሳቸውን ሳያቸው ምን እንደምል አላውቅም።

የአራት ልጆች እናት፦

ምንም አትበያቸው ልጄ። ብቻችሁን ስትሆኑ የሳቸው ልጅ ስሙ ማን ነበር ብለሽ ጠይቂያቸው።