ነጥቡ ለስድስት ሰዓት አልተንቀሳቀሰም፣ ምን ማለት ነው?

የሱሉልታው

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሳይክል የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው የምጠይቀው። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው የሚኖረው፣ ዘንድሮ ቱር ዲቫይድ የሚባለው የተራራ ሳይክል ውድድር ውስጥ ገብቷል። ለማታውቁት፣ ካናዳ ውስጥ ባንፍ ከምትባል ከተማ ይነሱና የሮኪ ተራሮችን ይዘው እስከ ሜክሲኮ ድንበር፣ አንቴሎፕ ዌልስ ድረስ ይወርዳሉ። 4,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጃቢ መኪና የለም፣ ስንቅ አቀባይ የለም፣ የገንዘብ ሽልማትም የለም። (ሽልማት የለውም ስላት አክስቴ «ታዲያ ማን ልኮት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።)

ሁሉም ትራከር ስለያዙ ካርታ ላይ እያንዳንዳቸው እንደ ነጥብ ይታያሉ። ባለፈው አርብ በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጀመሩ፣ እዛ ጠዋት 2 ሰዓት ነበር። ከዛን ቀን ወዲህ ቤታችን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ መብራት ይሄዳል፣ አክስቴ ጋቢዋን ተከናንባ «እስቲ ክፈተው» ትላለች።

ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ሞንታና ውስጥ፣ ጫካ መሃል፣ ነጥቡ ቀጥ አለ። እዛ ገና እኩለ ቀን ነው፣ ተኝቶ ነው እንዳትሉኝ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ እዛው ነበር። አንዱ ዘመዳችን ደግሞ ደውሎ ያ አካባቢ ድብ አለው ብሎ ነግሯታል፣ እግዜር ይስጠው። ስልኩንም አያነሳም።

ሁለተኛ ጥያቄ። ዴንቨር ዘመድ አለን። ልጁ ኮሎራዶ ሲደርስ በመኪና ሄዶ መንገድ ላይ ጠብቆት በሶና ዳቦ ቆሎ ቢሰጠው ችግር አለው? አክስቴ ቆርጣለች፣ ሰውየውም ፈቃደኛ ነው።

ካቴና

ወንድሜ መጀመሪያ አንተ ተረጋጋ፣ ከዛ አክስትህን ታረጋጋለህ።

ነጥቡን ስትነካው የመጨረሻው መልእክት የመጣበት ሰዓት ይወጣልሃል፣ አይተኸዋል? የቆመ ነጥብና ዝም ያለ ነጥብ አንድ አይደሉም። ከደቂቃዎች በፊት መልእክት ልኮ ቦታው ካልተቀየረ ሰውየው በእርግጥ ቆሟል ማለት ነው፣ ጎማ እየቀየረ ይሆናል፣ እየበላ ይሆናል፣ ወይም ታሞ ይሆናል። መልእክቱ ከስድስት ሰዓት በፊት የመጣ ከሆነ ግን የምታየው እሱ ያለበትን ቦታ አይደለም፣ መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ ድምፁ የተሰማበትን ቦታ ነው። እሱ ከዛ ወዲህ 50 ኪሎ ሜትር ነድቶ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚይዙት ስፖት የሚባለውን ትራከር ነው። በየ5 ወይም በየ10 ደቂቃው ቦታውን ወደ ሳተላይት ይልካል። የተለመደው ዓይነት ይልካል እንጂ አይቀበልም፣ ስለዚህ መልእክቱ ይድረስ አይድረስ ራሱም አያውቅም። ሰማይ በደንብ ማየት አለበት። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ፣ ወይም ዝናብ ሲመጣ ከሻንጣው ስር ሲሸጎጥ ጭጭ ይላል። ባትሪም ያልቃል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ባትሪ መቀየር ይረሳል። አንዳንዱ እንደውም ካልተንቀሳቀሰ ባትሪ ለመቆጠብ መላኩን ያቆማል።

ሌላ ደግሞ ሱሉልታ ነህ ብለሃል፣ የሌሎቹንም ነጥቦች እይ። ሁሉም ባሉበት ከቆሙ ችግሩ ሞንታና አይደለም፣ እናንተ ሰፈር ነው። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ይሄድና ስልክህ የድሮውን ገጽ እንደያዘ ይቀራል። እኔ አንዴ ሙሉ ማታ የሞተ ገጽ ላይ አፍጥጬ አድሬያለሁ።

የት ጋ ነው የቆመው? ከሲሊ ሌክ በፊት ከሆነ ሪችመንድ ፒክ የሚባል ቦታ አለ። ሰኔ ላይም በረዶው ሙሉ በሙሉ አይለቅም፣ ሳይክላቸውን እየገፉና እየተሸከሙ ነው የሚያልፉት። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አይግረምህ።

ጎማው ፈነዳ

በእርግጥ አንዳንዴ የቆመ ነጥብ ክፉ ዜና ነው። ማይክ ሆል የሚባል እንግሊዛዊ ሳይክለኛ በ2016 (በፈረንጆቹ) ቱር ዲቫይድን 14 ቀን ሳይሞላው ጨርሶት ነበር፣ ሰዓቱን እስከ 2024 የሰበረው አልነበረም። በ2017 አውስትራሊያን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ካንቤራ አጠገብ ነጥቡ ቆመ። ብዙ ሰው እቤቱ ሆኖ እያየው ነበር። መኪና ገጭቶት ነው።

ካቴና

አሁን ይሄ ለዚህ ልጅ የሚነገር ነው? ሴትየዋ አጠገቡ ቁጭ ብላ እያነበበች ቢሆንስ?

ጎማው ፈነዳ

ልክ ነህ፣ ይቅርታ። እውነት ስለሆነ ነው የጻፍኩት። ለአክስትህ አታንብብላት።

እንጦጦ ወጪ

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ማንም አላነሳም፣ ስለዚህ እኔ ልናገር፤ ስለ በሶው። አይቻልም እህ። ማለቴ ሰውየው ከዴንቨር ቢነሳ ማንም አያስረውም፣ ግን ልጁን ከውድድሩ ያስወጣዋል። የዚህ ነገር መሠረቱ አንድ ነው፣ ለአንዱ የተገኘ ነገር ለሌላውም መገኘት አለበት። ሱቅ ገብቶ መግዛት ይችላል፣ ሆቴል ማደር ይችላል፣ ሳይክል ጥገና ይገባል፣ ሐኪም ጋም ይሄዳል። ሌል ዊልኮክስ የምትባል አሜሪካዊት ሳይክለኛ በ2015 ውድድሩ መሃል ላይ መተንፈስ አቅቷት ሆስፒታል ገብታ፣ ወጥታ ቀጥላ፣ በ17 ቀን የሴቶችን ክብረ ወሰን ይዛ ጨርሳለች። ሆስፒታሉ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ስለዚህ ማንም ምንም አላላትም። (ወደ ውድድሩ የመጣችውም ከአላስካ ድረስ ሳይክሏን እየነዳች ነበር፣ ይሄን ሳስብ እንጦጦን ወጥቼ ፎቶ መለጠፌ ያሳፍረኛል።)

የዴንቨሩ ዘመድህ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚመጣው። ዋናው ነገር ምግቡም አይደለም። ደክሞህ፣ ብርድ መትቶህ፣ ልተወው ወይስ ልቀጥል እያልክ ከራስህ ጋር ስትሟገት አማርኛ የሚያወራ ዘመድ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ከአንድ ኩንታል በሶ ይበልጣል። ያ ጃፓናዊ ወይም ጣሊያናዊ ተወዳዳሪ ማን አለው? ይቺው ሌል በ2019 ስትወዳደር የቅርብ ሰዋ ያለችበት የፊልም ቡድን ይከተላት ስለነበር ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። እዚያው መንገዱ ላይ የሚኖር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ቢያጨበጭብ ሌላ ነገር ነው። የማያውቀው ሰው ሳይታሰብ ቀዝቃዛ ውሃ ቢሰጠውም ምንም አይደለም። ቀጠሮ ሲኖረው ነው የሚበላሸው።

ለገጣፎ ማዶ

እኔ ይሄ ሕግ ፈጽሞ አይገባኝም። የገዛ ዘመድህ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ እያለፈ፣ ቤትህ ቁጭ ብለህ ስልክ ላይ ነጥብ ታያለህ? በኛ አገር እኮ ነውር ነው። እንግዳ መንገደኛ እንኳን ደጅህ ሲያልፍ ጠላ ወይ ውሃ ታቀብላለህ። ራሱን የቻለ ማለት ዘመድ የሌለው ማለት ነው እንዴ?

እንጦጦ ወጪ

ነውሩ ይገባኛል ወንድሜ። ግን ልጁ ፈልጎ የገባበት ነው። ስንቁን ራሱ ተሸክሞ ሊያየው የፈለገው ነገር አለ። በሶውን ስትሰጠው ያን ትወስድበታለህ።

ካቴና

ለገጣፎ ማዶ፣ የራሴን ልንገርህና ትፈርዳለህ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጓደኛችን ብቻውን ከሱሉልታ ደብረ ሊባኖስ ደርሶ ሊመለስ ተነሳ። ማንም እንዳይከተለኝ ብሎ አስምሎናል፣ ስልኩ ላይ ግን ቦታውን ክፍት አድርጎልን ነበር። ጫንጮን እንዳለፈ ነጥቡ ጠፋ። አንድ ሰዓት ታገስን፣ ሁለት ሰዓት ታገስን፣ ከዛ ሁለታችን በሞተር ወጣን። መንገድ ላይ ሰው እየጠየቅን፣ የወደቀ ሳይክል እየፈለግን፣ ገደል በታየ ቁጥር እየቆምን ሄደን ሄደን አንድ ቤት በረንዳ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ድንች ቅቅል ሲበላ አገኘነው። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነው። ደስ ይለዋል ስንል አኮረፈ። ከዛ በኋላ ያለውን መንገድ ነዳው እንጂ «ብቻዬን ሄድኩ» ብሎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እስካሁን ሲያነሳብን «ድንቼን ያበላሻችሁብኝ» ይላል።

የሱሉልታው

ወገኖቼ ተገኘ!! ካቴና እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ሰዓቱን ሳየው እውነትም መልእክቱ የቆየ ነበር። ዛሬ ጠዋት ነጥቡ ዘሎ ሲሊ ሌክ ከተማ ገባ፣ ካርታው ላይ ከጫካው እስከ ከተማው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። አክስቴ መስመሩን አይታ «በረረ እንዴ?» አለች። ማታ ራሱ ደወለ፣ በረዶ ውስጥ ሳይክሉን ሲገፋ ነው የዋለው፣ ትራከሩን ደግሞ ከዝናብ ልብሱ ስር አስሮት ነበር። መደወል ይፈቀድለታል አይደል? እሷ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ድቡ አልነበረም፣ ሰኔን ጾምክ ወይ ነበር። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ይላል እሱ።

እንጦጦ ወጪ

ሃሃሃ ኔትወርክ ነው። ቤተሰብ ጋ መደወል ምንም ችግር የለውም።

ካቴና

እሰይ። አሁን የሚቀጥለውን ልንገርህ፣ እንዳትደነግጥ። ዋዮሚንግ ሲገባ ግሬት ዲቫይድ ቤዝን የሚባል በረሃ አለ። ከአትላንቲክ ሲቲ (ከተማ እንዳይመስልህ፣ ጥቂት ቤት ናት) እስከ ሮውሊንስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሱቅ የለም፣ ውሃ እንደ ልብ የለም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ደርሰህ ግማሹን መንገድ እንደ መመለስ ነው፣ መሃል ላይ አንዲት ሻይ ቤት ሳታገኝ። ጥላም ስለሌለ ብዙዎቹ ሌሊት ነው የሚያቋርጡት። ጫካ ስለሌለ ግን ትራከሩ ጥሩ ይሠራል። እዛ ላይ ቢቆም በእርግጥ ቆሟል ማለት ነው።

ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጭቃውን ፍራ። የሱሉልታን ዋልካ ታውቀው የለ? እንደዛ ያለ ነው። ጎማው አይዞርም፣ ማርሹ ይሞላል፣ ካቴናው ይያዛል፣ ሳይክሉ እጥፍ ይከብዳል፣ ልትገፋው እንኳን አትችልም። ነጥቡ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ካየህ ተሸክሞታል ማለት ነው። ከፍታው ለሱ ችግር አይመስለኝም። ከመንገዱ ሁሉ ትልቁ ኢንዲያና ፓስ 3,630 ሜትር ነው፣ ኮሎራዶ ውስጥ። የኛን እንጦጦ በአራት መቶ ሜትር ገደማ ይበልጣል። ሱሉልታ ያደገ ልጅ ሳንባው ያስታውሳል።

ለገጣፎ ማዶ

እኔ አሁንም በሃሳቤ ነኝ። ቢያንስ ሲጨርስ ድንበሩ ላይ ሰው ይጠብቀው።

እንጦጦ ወጪ

እሱማ ግዴታ ነው! አንቴሎፕ ዌልስ ላይ የድንበር ኬላ ብቻ ነው ያለው፣ ታክሲ የለ፣ ሆቴል የለ። ሲጨርስ ውድድሩም አለቀ፣ ያኔ በሶ ብቻ አይደለም ዶሮም ይዘህ ጠብቀው።

የሱሉልታው

ስምንት ቀን ጠፍቼ ነበር፣ ይቅርታ። ዜናው እንዲህ ነው። የዴንቨሩን ዘመዳችንን አስቀርተነዋል፣ ማለት በግድ፣ እሱ እንደውም በሶውን አስፈጭቶ ነበር። ድንበሩ ላይ ይጠብቀው ተብሎ ተስማማን፣ አሁን ሩቅ ነው ብሎ ማጉረምረም ጀምሯል። አክስቴ የሰዓቱን ነገር ከኔ በላይ ለምዳዋለች። «ቆሟል ወይስ ዝም ብሏል?» ትለኛለች ገና ስልኩን ስይዝ።

በረሃውን ሌሊት ነው ያቋረጠው፣ በኛ ቀን ስለነበረ ከሥራ ቦታ እየሰረቅሁ ሳይ ዋልኩ። አለቃዬ ደርሶብኝ ምንድነው ሲለኝ አሳየሁት፣ አሁን እሱም እየተከተለ ነው፣ ከልጁ ፊት ያለችውን አንዲት ሴት ደርሶ አያልፋትም ወይ እያለ ይነዘንዘኛል።

ከአንድ ሰዓት በፊት ሮውሊንስ ገብቷል። ነጥቡ አንድ ትልቅ ሱቅ ላይ ቆሟል፣ መልእክቱ የአምስት ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ በእርግጥ ቆሟል። አክስቴ ስልኬን ወስዳ ካርታውን በሁለት ጣት እያሰፋች እያሰፋች ምን እንደገዛ ለማየት እየሞከረች ነው። የሥጋ ነገር እንዳይሆን ፈርታለች። ትራከሩ እሱን አያሳይም አይደል?